«እኔ ሁሉንም እኩል ነው የማየው»፦ ስለ ባህል ብዝኃነት ሥልጠና መምህራን የጠየቁን

የመምህራን ደብዳቤ በብዛት ይደርሰኛል። የዚህ ወሮቹ ግን ተማክረው የተጻፉ ይመስላሉ። ሁሉም ስለ አንድ ነገር ነው የሚያወሩት፤ ስለ ባህል ብዝኃነትና ስለ እሴት ለመምህራን ስለሚሰጥ ሥልጠና። እኔም መጀመሪያ ሳስተምር፣ ኋላም ሳሠለጥን ብዙ ዓመት ኖሬያለሁ። ከሰጠኋቸው ሥልጠናዎች መካከል ዛሬ ሳስታውሳቸው የሚያሳፍሩኝ አሉ። ስለዚህ ከላይ ሆኜ የምናገር አይምሰላችሁ።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ትምህርት ቤታችን ውስጥ ከተለያየ ቦታ የመጡ፣ ቤታቸው ሌላ ሌላ ቋንቋ የሚነገር ልጆች በየዓመቱ እየበዙ ነው። ርዕሰ መምህራችን «ስለ ባህል ብዝኃነት የሁለት ቀን ሥልጠና አዘጋጅ» አሉኝ። ባለፈው ዓመት ሌላ ሰው ሰጥቶን ነበር። ስልሳ ምናምን ስላይድ አሳየን። ግማሹ ሰው አንቀላፋ፣ ግማሹ ስልኩን ሲነካካ ዋለ። እረፍት ላይ አንድ አንጋፋ መምህር «እኔ ሁሉንም ተማሪ እኩል ነው የማየው፣ ይሄ ሁሉ ለምን አስፈለገ?» አሉ። እውነቱን ለመናገር መልስ አልነበረኝም። ከየት ልጀምር?
«አሠልጥን» የተባለው

መልስ፦ የአንድ ሙያ ሰዎች ነንና አንተ ልበልህ።

መጀመሪያ ስለ አንጋፋው መምህር። እንደ ተቃዋሚ አትቁጠራቸው። «እኩል አያለሁ» ያሉት ከልባቸው ነው፤ እኔም ለዓመታት እንደዚያው ስል ነበር። እኩል ማየትና እኩል ዕድል መስጠት አንድ አይደሉም። ይህን ግን ተከራክረህ አታሳምናቸውም። በስላይድማ ጭራሽ። በገዛ ክፍላቸው ሲሆን ካዩት ያኔ ነገሩ ሌላ ነው።

እኔን ያነቃኝ አንድ ወረቀት ነው። አንድ ባልደረባዬ ከክፍሌ ኋላ ተቀመጠ። የተማሪዎቹን አቀማመጥ በትናንሽ ሳጥኖች ነድፎ ያዘ። ልጅ ስጠይቅ በልጁ ሳጥን ውስጥ ጭረት፣ ልጁ ራሱ እጅ አውጥቶ ሲናገር ክብ። በቃ፣ ሌላ ነገር የለውም፤ አስተያየትም አልጻፈም። ክፍለ ጊዜው ሲያልቅ ወረቀቱን ሰጠኝና ወጣ። መሀል ለመሀል ያለው ረድፍ በጭረት ተሞልቷል። በግድግዳው በኩል ያለው ረድፍ ከፊት እስከ ኋላ ባዶ ነው። አንድም ጭረት፣ አንድም ክብ የለም። እዚያ የተቀመጡት እነማን እንደሆኑ ሳስብ ደነገጥኩ፤ በዚያ ዓመት አዲስ የገቡት፣ የማስተምርበትን ቋንቋ ገና ሲለምዱ የነበሩት ልጆች ናቸው። ጠዋት ቢጠይቁኝ «ሁሉንም አሳትፋለሁ» ብዬ እምል ነበር።

ስለዚህ ሥልጠናህን ከአዳራሹ በፊት ጀምር። አንድ ሳምንት ቀደም ብለህ መምህራኑን ሁለት ሁለት አድርገህ አንዱ የሌላውን ክፍል እንዲህ ይመዝግብ። ወረቀቱ ለባለቤቱ ብቻ ይሰጥ። ለርዕሰ መምህሩ አይሄድም፣ ለሥራ አፈጻጸም ነጥብ አይውልም፤ ይህን አስቀድመህ ተናገር፣ ተናግረህም ጠብቅ። አንዴ ወረቀቱ ቢሮ ከደረሰ ሁለተኛ ማንም ክፍሉን አይከፍትልህም።

ሌላም ቁጠሩ፦ ጥያቄ ከጠየቁ በኋላ ስንት ሰከንድ እንደምትጠብቁ። ሜሪ ባድ ሮው የምትባል አሜሪካዊት ተመራማሪ በ1970ዎቹ ይህንኑ ስትለካ መምህራን በአማካይ 1 ሰከንድ ያህል ብቻ ነበር የሚጠብቁት። 1 ሰከንድ! ደካማ ነው ብለው ለሚያስቡት ልጅ ደግሞ ከጎበዙ ያነሰ። ወደ 3 ሰከንድ ሲያሳድጉት መልሶቹ ረዘሙ፣ «አላውቅም» ቀነሰ፣ ዝም ይሉ የነበሩ ልጆች መናገር ጀመሩ። ሐሳቡን መጀመሪያ በቤቱ ቋንቋ አስቦ ወደ ክፍሉ ቋንቋ የሚመልስ ልጅ በ1 ሰከንድ ምን ያድርግ? አንተስ በሁለተኛ ቋንቋህ ስብሰባ ላይ ድንገት ብትጠየቅ?

ከዚህ በኋላ ነው ስለ ባህል ማውራት የሚጣፍጠው፤ ምክንያቱም አሁን ሰዉ ራሱ ጥያቄ ይዞ ይመጣል። የሱዛን ፊሊፕስን ጥናት እዚህ ላይ ንገራቸው። ኦሪገን ውስጥ ዋርም ስፕሪንግስ በተባለ የአሜሪካ ነባር ሕዝቦች መኖሪያ ያሉ ልጆች ክፍል ውስጥ ዝምተኞች ነበሩ። መምህራኑ ልጆቹ አይናገሩም ባይ ናቸው። ፊሊፕስ ክፍል ውስጥም ሰፈር ውስጥም ተቀምጣ አየች፤ በ1972 ባወጣችው ጽሑፍ እንዳሳየችው ልጆቹ ዝም የሚሉት መምህሩ በሁሉም ፊት ነጥሎ ሲጠራቸው ነው። እርስ በርሳቸው በቡድን ሲሠሩ፣ ወይም ራሳቸው ወደ መምህሩ ሄደው ሲጠይቁ በደንብ ያወራሉ። እቤታቸው አንድ ነገር የሚማሩት እያዩ ነው፣ ብቻቸውን ይሞክሩታል፣ እችላለሁ ሲሉ ያሳያሉ። ገና ያልቻሉትን በሰው ፊት መሞከር ለነሱ እንግዳ ነገር ነው። የእኛ ክፍል ደግሞ በሰው ፊት እየተሳሳቱ መማርን ነው የሚፈልገው። ልጆቹ ዲዳ አልነበሩም። የጨዋታው ሕግ ነው የተለያየው።

ስለ ሁለቱ ቀናት ደግሞ እንዲህ አድርግ፤ ርዕሰ መምህሩን ለምነህም ቢሆን ከፋፍላቸው። አንዱን ቀን አሁን ተጠቀም፣ ሌላውን ግማሽ ግማሽ ቀን አድርገህ በየወሩ በትነው። ጆይስና ሻወርስ የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች ከ1980 ጀምሮ ሲሉት የኖሩት ይህንኑ ነው፦ ንግግር ሰምቶ፣ ሲሠራ አይቶ፣ አዳራሽ ውስጥ ሞክሮ የሄደ መምህር እንኳ ክፍሉ ሲገባ ወደ ድሮው ይመለሳል፤ አዲሱ ነገር የሚሰርጸው አንድ ባልደረባ ክፍሉ ድረስ እየመጣ ሲያግዘው ነው። ጃፓኖች ከመቶ ዓመት በላይ የሠሩበት መንገድም አለ። ጥቂት መምህራን አንድ ትምህርት አብረው ያዘጋጃሉ፣ አንዱ ያስተምራል፣ ሌሎቹ ዙሪያውን ቆመው ያያሉ። የሚያዩት መምህሩን አይደለም፤ ተማሪዎቹን ነው። ለአንተ ጉዳይ ልክክ ያለ ነው።

አንድ ነገር ብቻ ልለምንህ። «የዚህ ባህል ልጆች እንዲህ ናቸው፣ የዚያኛው ደግሞ እንዲህ» የሚል ሰንጠረዥ እንዳታከፋፍል። እኔ አከፋፍያለሁ። ምን እንደሚያስከትል ቀጥሎ ያለውን ደብዳቤ አንብብ።

ጥያቄ፦ ጋሼ እንዴት ነዎት? ማስተማር ከጀመርኩ ሁለተኛ ዓመቴ ነው። አንዲት ተማሪ ሳናግራት አንገቷን ትደፋለች። መጀመሪያ ላይ «ሳናግርሽ እዪኝ እንጂ!» እላት ነበር። ከዚያ አንድ ሥልጠና ላይ «በነሱ ባህል ትልቅ ሰውን ዓይን ለዓይን ማየት ነውር ነው» አሉን። አፈርኩ። ከዚያ ወዲህ እሷንም፣ ከሷ ወገን የመሰሉኝን ሌሎች ልጆችም እንዳላስጨንቃቸው ብዬ አልጠይቃቸውም፣ ብዙም አላያቸውም። ልክ ነኝ ግን?
ግራ የገባት

መልስ፦ ጋሼ ካልሽኝማ አንቺ ልበልሽ። ልክ አይደለሽም። ግን ጥፋቱ ካንቺ ይልቅ የሥልጠናው ነው።

ምን ሆነ መሰለሽ? መጀመሪያ ልጅቷን «የማታከብር» አድርገሽ አነበብሻት። ከሥልጠናው በኋላ «የዚያ ባህል ልጅ» አድርገሽ አነበብሻት። ሁለቱም ጊዜ እሷን አልጠየቅሻትም። ሁለተኛው ንባብ ደግ ይመስላል፣ ውጤቱ ግን የባሰ ነው፤ በፊት ቢያንስ ታናግሪያት ነበር። አሁን እሷም፣ መልካቸው ወይም ስማቸው የሷን የመሰለ ሌሎች ልጆችም ጥያቄ አይደርሳቸውም። አክብሮት ብለሽ የጀመርሽው ነገር መርሳት ሆነ።

አንገቷን የምትደፋው በአክብሮት ሊሆን ይችላል። ዓይን አፋር ልትሆንም ትችላለች። በደንብ አትሰማ ይሆናል፣ ወይም ትስቅብኛለች ብላ ፈርታ፣ ወይም እቤት የሆነ ነገር ኖሮ። የሰማሽው ስለ ባህሏ የተነገረ ነገር እውነት ቢሆን እንኳ መላምት ብቻ ነው። እሷ ጋ ሄደሽ የምታጣሪው እንጂ በሷ ላይ የምትደመድሚው አይደለም።

እንግዲህ እንዲህ ሞክሪ። ሌሎቹ ሥራ ይዘው ሳለ አጠገቧ ቁጢጥ በይ። ፊት ለፊቷ ሳይሆን ጎን ለጎን፣ ሁለታችሁም ደብተሩን እያያችሁ። «ይሄን እንዴት ሠራሽው?» በያት። ከዚያ ጠብቂ። ካወራች አወቅሽ ማለት ነው፤ የምታወራበት ቦታ አላት።

ቤተሰቦቿንም ለማወቅ ሞክሪ፣ እንደ መርማሪ ግን አይሁን። አሪዞና ውስጥ ቱሳን ከተማ ሉዊስ ሞልና ባልደረቦቹ መምህራንን ወደ ተማሪዎች ቤት ይልኩ ነበር፤ ሥራውን ያሳተሙት በ1992 ነው። ቤተሰቦቹ አብዛኞቹ ከሜክሲኮ የመጡ የጉልበት ሠራተኞች ናቸው፣ ትምህርት ቤቱም «ከቤታቸው ምንም ይዘው አይመጡም» ብሎ የሚያስባቸው ዓይነት። መምህራኑ የሄዱት ለመምከር ሳይሆን ለመማር ነው። ያገኙት እርሻ የሚያውቅ፣ ግንበኛ፣ መካኒክ፣ ነጋዴ፣ መድኃኒት አዋቂ ነው። አንዲት መምህር ተማሪዋ ከረሜላ እንደሚሸጥ ደረሰችበት። አልተቆጣችም። ስለ ከረሜላ ሒሳብም ሳይንስም ያለው ትምህርት ሠራችበት፣ አንዲት እናትም ክፍል መጥታ አሠራሩን አሳየች። ያቺን እናት ለአንድ ክፍለ ጊዜ መምህርት ስትሆን ያየ ልጅ፣ እንጃ እንግዲህ፣ ስለ ቤቱ የሚያስበው ይለወጣል ብዬ አምናለሁ።

ጥያቄ፦ የአንድ ትምህርት ቤት ርዕሰ መምህር ነኝ። አምስት መሠረታዊ እሴቶች አሉን፦ መከባበር፣ ሐቀኝነት፣ ትብብር፣ ኃላፊነት፣ ሰዓት ማክበር። በየኮሪደሩ በትልቁ ተለጥፈዋል። መምህራኑ በቃላቸው ይወጧቸዋል፤ ግን አይኖሯቸውም። ሥልጠና ብንሰጥም ያው ነው። ምን ይሻላል?
ከአንድ ርዕሰ መምህር

መልስ፦ ክቡር ርዕሰ መምህር፣ እውነቱን ልንገርዎት? እነዚህን አምስት ቃላት የሚቃወም ሰው አያገኙም። ሌባው እንኳ ሐቀኝነት ጥሩ ነው ይላል። ሁሉም የሚስማማበት ነገር ላይ ሥልጠና ሲሰጥ ሰው ማንቀላፋቱ አይገርምም።

ሻሎም ሽዋርትዝ የሚባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪ በ1992 ከ20 አገሮች የተሰበሰበ መረጃ ይዘው 10 ዓይነት እሴቶችን ለይተዋል፤ ደግነት፣ ወግ፣ ደህንነት፣ ስኬት፣ በራስ መመራት፣ ሥልጣን የመሳሰሉት። ለእኛ ሥራ የሚጠቅመው ነጥብ ይሄ ነው፦ እሴቶቹ በየትም አሉ። ሰው ከሰው የሚለያየው የትኛውን እንደሚያስቀድም ነው። እሴቶች ደግሞ እርስ በርስ ይጋጫሉ፤ ወግን አጥብቆ የያዘ አዲስ ነገር ላይ ይቆጠባል። በኋላ በብዙ አገር ሲታይ ደግሞ ደግነት አብዛኛው ቦታ ከላይ፣ ሥልጣን ወደ ታች ነው የተገኘው። ልዩነታችን እንደምናወራው ሰፊ አይደለም ማለት ነው።

ስለዚህ ቃላቱን ትተው ግጭቱን ያሠልጥኑ። አንድ ምሳሌ ልስጥዎት። ፈተና ላይ አንድ ልጅ ወረቀቱን ገፋ አድርጎ ለጎረቤቱ ያሳያል። ፈታኙ ያየዋል። ልጁ ሲያዝ ምንም አልደነገጠም፤ «ጓደኛዬ አልገባውም ነበር» አለ። አላፈረም፣ ያልገባው ለምን እንደተቆጡት ነው። ፖስተሩ ላይ «ትብብር» የሚል አለ፤ ከጎኑ «ሐቀኝነት»። ልጁ የታዘዘው ለየትኛው ነው? ቤቱ ውስጥ ያለውን የማያካፍል ሰው ንፉግ ተብሎ ያደገ ከሆነስ?

ይህን ለመምህራኑ አራት አራት ሆነው እንዲወያዩበት ይስጡ። አንዱ «ዜሮ ይግባለት» ይላል፣ ሌላው «ልጅ ነው፣ ይታለፍ» ይላል። ጭቅጭቁ ይሙቅ፣ አይጣደፉ። እኔ በበኩሌ ደንቡ ይከበር ባይ ነኝ፤ ፈተናው ይሰረዝ። ግን «አጭበርባሪ» ተብሎ የተሰረዘበት ልጅና «ጓደኛህን መርዳትህን ወድጄዋለሁ፣ ይሄ ሰዓት ግን እያንዳንዳችሁ የት እንዳላችሁ የማይበት ነው፣ ነገ አብራችሁ ታጠናላችሁ» ተብሎ የተሰረዘበት ልጅ ከዚያ ክፍል አንድ ዓይነት ሆነው አይወጡም። መምህሩ ያንን ሁለተኛ ዓረፍተ ነገር አስቀድሞ ካልተለማመደው በንዴት ሰዓት ከአፉ አይወጣም። እዚያው አዳራሽ ውስጥ ጮክ ብለው ይለማመዱት። መጀመሪያ ይስቃሉ፣ ይሳቁ።

እንዲህ ያሉ አሥር ያህል እውነተኛ ገጠመኞችን ከራሳቸው ከመምህራኑ ይሰብስቡ፣ የልጆቹ ስም ሳይጠቀስ። ከውጭ የመጣ ሞጁል ያን ያህል አይጠቅማችሁም።

ሌላው፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ እርስዎን ይመለከታል። አንድ ጊዜ «መከባበር» በሚል ርዕስ ሥልጠና ተጠርቼ ሄድኩ። መክፈቻ ንግግር የሚያደርጉት ኃላፊ አንድ ሰዓት ከሃያ አርፍደው መጡ፣ ይቅርታ ሳይሉ ተናገሩ፣ ጥያቄ ሳይቀበሉ ወጡ። መምህራኑ በዚያች ጠዋት ስለ መከባበርም ሰዓት ስለማክበርም የተማሩትን እኔ በቀሪው ቀን ላስለውጠው አልቻልኩም። ስለዚህ ሥልጠናው ቀን ቀድመው ይድረሱ፣ ከመምህራኑ ጋር እኩል ይቀመጡ፣ ከእሴቶቹ አንዱን እርስዎ ያፈረሱበትን አንድ ቀን ቀድመው ይናገሩ። ከባድ ነው። ግን ሌላው ሰው አፉን የሚከፍተው ያኔ ነው።

ጥያቄ፦ ብዝኃነትን ማክበር ማለት ሁሉንም መቀበል ነው እንዴ? አንድ አባት መጥተው «ሴት ልጄን ከወንዶች ጋር በቡድን አታሠሩብኝ፣ ሳይንስም አትጫኗት፣ ባህላችን አይደለም» አሉኝ። ዝም አልኩ። ዝም ማለቴ አሁንም ይቆጠቁጠኛል።
የሳይንስ መምህር

መልስ፦ አይደለም። ይሄ ገና ድሮ የተመለሰ ጥያቄ ነው። ዩኔስኮ በ2001 ያወጣው የባህል ብዝኃነት መግለጫ አንቀጽ 4 ላይ፣ ማንም ሰው የባህል ብዝኃነትን ጠቅሶ ዓለም አቀፍ ሕግ ያረጋገጠውን ሰብአዊ መብት መጣስ ወይም ማጥበብ አይችልም ይላል። የ1989ኙ የሕፃናት መብቶች ስምምነት አንቀጽ 29 ደግሞ ሁለቱንም አንድ ላይ አስቀምጧል፤ ትምህርት ልጁ ወላጆቹን፣ የራሱን ባህልና ቋንቋ፣ የሌላውንም ሥልጣኔ እንዲያከብር፣ እንዲሁም የፆታ እኩልነት መንፈስ እንዲይዝ ያዘጋጀው ይላል። አንዱን መርጦ ሌላውን መጣል የለም።

አባትየውን ግን በአንቀጽ አትምታቸው። ጥያቄያቸው ሁለት ነው፣ ለያየው። በቡድን ሥራው የፈሩት ምን እንደሆነ ጠይቃቸው፤ ምናልባት ከሦስት ልጃገረዶች ጋር መጀመር ይቻላል፣ ያ ድርድር ነው። ሳይንሱ ግን አይደራደርም። ይህንን በትሕትና፣ ድምፅህን ሳትጨምር ንገራቸው። ልጅቷ የሠራችውንም አሳያቸው፤ ብዙ አባት የልጁን ደብተር ከፍቶ ካሳዩት ይለዝባል። ሥልጠና ላይ ደግሞ የት ድረስ እንደምትደራደሩ ትምህርት ቤቱ አንድ ላይ ይወስን፤ አንዱ መምህር እሺ፣ ሌላው እምቢ ካለ ወላጅ የሚለሰልስለትን ፈልጎ ይሄዳል።

ጥያቄ፦ የሒሳብ መምህር ነኝ። ሁለት ሲደመር ሁለት የትም አራት ነው። ይሄ የባህል ሥልጠና እኔን ምን አገባኝ? አበሉ ጥሩ ስለሆነ ነው የምሄደው። (ሳቅ)

መልስ፦ ስለ ሐቀኝነትህ ከላይ ካሉት አምስት እሴቶች አንዱን አሟልተሃል።

አራትነቱ ላይ ተስማምተናል። አጻጻፉ ላይ ግን አንስማማም። ጀርመን ወይም ፈረንሳይ የተማረ ልጅ ሦስት ተኩልን የሚጽፈው 3,5 ብሎ ነው፤ ነጥባችንን እነሱ በኮማ ነው የሚጽፉት። ረጅም ማካፈልም እንዲሁ፤ አካፋዩ የት እንደሚቀመጥ፣ መስመሩ በየት በኩል እንደሚሰመር አገር ከአገር ይለያያል። አንድ ጊዜ አዲስ የገባች ልጅ የማካፈል ሥራ ይዛ መጣች። ሁሉ ነገሩ ተገልብጦብኝ ቀይ እስክሪብቶ አውጥቼ ሙሉውን ሰረዝኩት። መልሱን ግን አላየሁም ነበር። ከገጹ ታች፣ በትንሹ፣ ትክክለኛው ቁጥር ተቀምጧል። ልጅቷ ምንም አላለችም፣ ደብተሯን ይዛ ሄደች። በማግስቱ እንደኛ አድርጋ ሠርታ መጣች፣ ግማሹን ተሳስታ።

ሥልጠናው ላይ ስትሄድ ተማሪዎችህ የሠሯቸውን ሦስት የማካፈል ሥራዎች ይዘህ ሂድ፤ አንተ በማታውቀው መንገድ የሠሩትን። መጀመሪያ ግን ልጆቹን «እስቲ እንዴት እንደሠራኸው አሳየኝ» በላቸው።